ከሾርባው በፊት የመጡት ሽማግሌዎች

ሴት ልጅ የዳራችሁ ወይም ለመዳር የምታስቡ አባቶች፣ ይህችን ጉዴን አድምጡኝ። ያልወለዳችሁትም ብትሰሙ አይከፋኝም። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሽሮሜዳ ውስጥ ባለፍኩበት ሁሉ ሰው ከንፈሩን ነክሶ ሳቁን እየዋጠ ስለሚያሳልፈኝ፣ ሌላው ቅመም ጨምሮበት ከሚያወራችሁ እኔው ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል።

ነገሩ የጀመረው በሴራሚክ ነው። የሳሎናችን ወለል ላይ ሁለት ሴራሚኮች ተሰንጥቀው ነበር። ባለቤቴ አስካለ «ባለሙያ ጥራ» አለችኝ። እኔ ደግሞ በገዛ ቤቴ «ባለሙያ ጥራ» ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ዕድሜዬን ሙሉ የሀበሻ ልብስ ስሸጥ፣ ጥለት ከጥለት ሳጋጥም የኖርኩ ሰው አራት ማዕዘን ሴራሚክ ማጋጠም ያቅተኛል? መዶሻ ይዤ ገባሁ። የተሰነጠቁትን ሁለቱን ሳነሣ አጠገባቸው ያሉት አብረው ተነሡ። እነሱን መልሼ ልለጥፍ ስታገል ከእነሱ አጠገብ ያሉት ተነሡ። በሳምንቱ ሳሎናችን ታርሶ የተተወ ማሳ መሰለ። ሶፋው መኝታ ቤት ገባ፣ ቴሌቪዥኑ ወጥ ቤት ገባ፣ አስካለ ኩርፊያ ውስጥ ገባች።

ልክ በዚህ መሃል ነው የናሆም ቤተሰቦች ደውለው «እሑድ ሽማግሌ እንልካለን» ያሉት።

ናሆም ልጄን መቅደስን የሚፈልጋት ልጅ ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል፤ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ጨዋ ልጅ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከልጄም ቀድሜ የወደድኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ግን የሴት ልጅ አባት እንዲህ ያለውን ነገር ከአፉ አያወጣም። ሽማግሌ ሲመጣ ፊቱን አጨፍግጎ ይሰማና «ዘመድ ላማክርበት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ» ይላል። ሲመለሱ ደግሞ «አንድ ያላገኘሁት አጎት ቀርቷል» ይላል። እሺ የሚባለው በሦስተኛው ነው። ታላቅ እህቴ እትዬ በላይነሽ፣ አዲሱ ገበያ ቁጭ ብላ የዘመዱን ሁሉ ደንብ የምታስከብረው፣ በስልክ አስጠንቅቃኛለች። «በመጀመሪያው ቀን እሺ ብትል ቤትህን አልረግጥም! ልጅቷ ሸክም ሆናብን የገፈተርናት ነው የሚመስለው» ብላለች።

ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው ደንብ አላቸው። እሺ እስኪባሉ ድረስ ከልጅቷ አባት እህል አይቀምሱም። ይህን የማያውቅ አበሻ የለም። እኔም አውቃለሁ። ዛሬ ሳስበው የሚያናድደኝም ማወቄ ነው።

«ታዲያ ሽማግሌ አፈር ላይ ልናስቀምጥ ነው?» አለች አስካለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለቴሌቪዥኑ።

ያን ጊዜ ነው ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት የበራው። መቅደስ ሥራዋ ምግብ ማብሰል ነው። ወደ ጉለሌ እጽዋት ማዕከል በሚወስደው ዳገት ላይ በተከፈተ የቻይና ምግብ ቤት ውስጥ ትሠራለች። ሩዙ ተቆልሎ የሚቀርብበት፣ የምናውቀው ዓይነት የቻይና ምግብ ቤት እንዳይመስላችሁ። ሰው ፎቶ ሳያነሣ ሹካ የማያነሣበት ዘመናዊ ቤት ነው። በዚያው እሑድ ምግቡን ሁሉ ራሷ አስባ እንድታወጣ ተፈቅዶላት፣ እኔንና እናቷን ለምሳ ጋብዛን ነበር።

ቀኑ ለእሷ ፈተና ነው። ዋና ሼፏ፣ ሼፍ ሜይ የሚሏት ቻይናዊት፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ የሚመለሱትን ሳህኖች ታያለች። ባዶ ከተመለሱ የመቅደስ ምግቦች የቤቱ ምግብ ይሆናሉ፣ መቅደስም ምክትል ሼፍ ትሆናለች። ምግቡ እንዳለ ከተመለሰ ግን ከተቀጠረች ጀምሮ ስትልጠው ወደ ኖረችው ሽንኩርት ትመለሳለች። ልጄ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አጥታ ሰንብታለች። ሥጋ የሚባል ነገር አላስገባችም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ላይ ቀርቦ እንዲበላ ብላ በዓሣና በአትክልት ብቻ ነው ያሰናዳችው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የምለምንህ» አለችኝ። «የቀረበልህን ብላ። እንጉዳይም ቢሆን።»

እንጉዳይ ማየት እንኳ የማልወድ ሰው መሆኔን ታውቃለች። ቢሆንም ለልጄ ስል ማልኩላት። «ብቻ ሦስት ወንበር ጨምሪልኝ፤ ጓደኞቼን ይዤ ልምጣ» አልኳት። ሽማግሌ እንደሚመጣ አልነገርኳትም። ደንቡ ልጅቷ እንድታውቅ አይፈቅድም፤ እኔም በድንገት ላስደስታት አስቤያለሁ። ለናሆም ቤተሰቦች ግን ሽማግሌው ወደዚያ ምግብ ቤት ይምጣ ብዬ ደወልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ፣ ሐሳቡ ምን ይወጣለታል? ሽማግሌዎቹ ያልፈረሰ ወለል ላይ ይቀመጣሉ። ልጅቷ እንደ ደንቡ ጓዳ ትሆናለች። ሽማግሌዎቹ ይናገራሉ፣ እኔ «ዘመድ ላማክር» እላለሁ፣ እነሱም ሳይቀምሱ ይሄዳሉ። ከዚያ እኔና አስካለ ሜኑ አስመጥተን ዘና ብለን እንበላለን።

«ምግቡ ቀድሞ ቢመጣስ?» አለች አስካለ።

«ሳላዝዝ?» ብዬ ሳቅሁባት።

እሑድ ምሳ ሰዓት ላይ እኔና አስካለ ቀድመን ደረስን። ከእንጦጦ የሚወርደው ነፋስ የባሕር ዛፍ ሽታ ይዞ በመስኮት ይገባል፤ ከተማው ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ውስጡ ጸጥ ያለ ነው፤ ሰው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። ግድግዳው ላይ ዘንዶ የለ፣ ፋኖስ የለ፣ ሥዕል የለ። «ገና ዕቃ አልገባላቸውም መሰለኝ» አልኩ። አስካለ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። የዚያን ቀን ብዙ የተረገጠ እግር ነው፤ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ሽማግሌዎቹ ገቡ። ፊት ፊት ጋሽ ወርዶፋ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ጉለሌ ውስጥ እሳቸው ያላስታረቋቸው ባልና ሚስት ቢኖሩ ያልተጣሉት ብቻ ናቸው። ቀጥሎ ሐጂ ኑሪ፣ ከናሆም ቤተሰብ ጋር አጥር የሚጋሩ ባለ ሱቅ። ከኋላ አቶ ጌታነህ፣ የናሆም አጎት፤ ትልቅ ሰውነት፣ ትንሽ ንግግር፣ በዚያ ላይ ስኳር ያለባቸው። ያመጣቸው ናሆም ራሱ ነው። ልጁ መግባት ስለማይፈቀድለት መኪናው ውስጥ ፓርኪንግ ላይ ቀረ።

ሦስቱም ከጠረጴዛው ፊት ተሰልፈው ቆሙ። ነጭ ጋቢ፣ ጥቁር ካፖርት፣ ከዘራ። አስተናጋጇ ትዕግሥት ሮጣ ወንበር ሳበችላቸው።

«የኔ ልጅ፣ አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«ወንበሩ ካልተመቸዎት ልቀይርልዎ?»

«ወንበሩስ ደግ ነው። የመጣንበት ጉዳይ አለን።»

ትዕግሥት ትራስ አመጣች። አሁንም አልተቀመጡም። አጠገባችን የነበሩ ሁለት ፈረንጆች ሽማግሌዎቹ ቆመው ሲያዩ የጸሎት ሰዓት የደረሰ መስሏቸው መሰለኝ፣ ናፕኪናቸውን አስቀምጠው እነሱም ቆሙ። እነሱን አይቶ ሌላ ጠረጴዛ ቆመ። ነገሩ ቤቱን ሳያዳርስ ብዬ «ተቀመጡና ጉዳያችሁን ልስማ» አልኩ። ሽማግሌዎቹ ለመናገር ያህል ተቀመጡ። ፈረንጆቹም ተቀመጡ።

ጋሽ ወርዶፋ ጉሮሯቸውን ጠርገው «እንግዲህ የመጣነው ለደግ ነገር ነው» ብለው ሲጀምሩ፣ ትዕግሥት አምስት ሰፋፊ ጥቁር ሳህኖች ይዛ ደረሰች። በእያንዳንዱ ሳህን መሃል የተጠቀለለች አንዲት ቁራጭ ኪያር አለች።

«እኛ አላዘዝንም» አልኳት።

«ጋሼ፣ እዚህ ቤት ምግብ አይታዘዝም» አለች በፈገግታ። «እንግዳው ሲቀመጥ ሼፏ ያሰናዳችው በተራ በተራ ይመጣል። ስምንት ዓይነት ነው።»

አስካለን ላለማየት ጣሪያውን አየሁ።

«ልጃችን ናሆም» ቀጠሉ ጋሽ ወርዶፋ፣ «በአባቱ በኩል የታወቀ የጨዋ ዘር ነው።»

«ይህ ኪያር» አለች ትዕግሥት፣ «በጥቁር አቼቶ ውስጥ ያደረ ነው።»

«መጠጥ አይነካም።»

«ከላዩ ሰሊጥ ተነስንሶበታል።»

«ለሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሣ ልጅ ነው።»

«ሳይሞቅ በአንድ ጉርሻ ቢበሉት ይመረጣል።»

ሁለቱም ጨርሰው እኔን አዩኝ። እኔ ኪያሩን አየሁት። ጋሽ ወርዶፋ ሳህናቸውን በአንድ ጣት ወደ መሃል ገፋ አደረጉት። ሐጂ ኑሪ ተከተሉ። አቶ ጌታነህ ትንሽ ዘግይተው ተከተሉ። እንግዳ እጁን ሰብስቦ ሲያየኝ እኔ ብቻዬን ልጎርስ አልችል፤ የእኔና የአስካለም ሳህን ተገፋ።

ለትዕግሥት ምክንያቱን እንዳልነግራት ለልጄ ታደርስብኛለች። ስለዚህ አበሻ ሲጨንቀው የሚለውን አልኩ። «እግዜር ይስጥልን የኔ ልጅ፤ በልተን ነው የመጣነው።»

ይህች ቃል በእኛ ሰፈር ምንም ማለት አይደለችም። የምትባለው እንድንለመን ነው። በሰለጠነ ቤት ግን ሰው ያለውን ያምኑታል። ትዕግሥት አምስቱንም ሳህን አንሥታ ሄደች፣ ያልኩትንም ቃል በቃል ወጥ ቤት አደረሰች።

ከዚያ ዳምፕሊንግ መጣ፤ ሳስቶ ብርሃን በሚያሳልፍ ሊጥ የተጠቀለለ ጎመን። እንፋሎቱ ፊታችን ላይ ወጣ፣ ዝንጅብሉ አወደን። ጋሽ ወርዶፋ ስለ ናሆም ደመወዝ እያወሩ ዓይናቸው ዳምፕሊንጉ ላይ ነበር። ያም ተመለሰ። ቀጥሎ ከአኩሪ አተር የሚሠራው ቶፉ መጣ። ያም ተመለሰ። ከሩቅ ሼፍ ሜይ ወጥ ቤቱ በር ላይ እጇን አጣጥፋ ቆማ ሳህኖቹን ስትቀበል አያለሁ። 

ይሄኔ አቶ ጌታነህ ግንባራቸው አላበው። መድኃኒታቸውን ወስደው ነው የመጡት፤ እህል ካልቀመሱ ስኳራቸው ይወርዳል። ሐጂ ኑሪ ከካፖርታቸው ኪስ ቴምር አወጡ።

«ሐጂ፣ ደንቡስ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«ደንቡ የልጅቷን አባት እህል አትቅመሱ ነው የሚለው። ይህ የእኔ ቴምር ነው፤ ከእኔ ሱቅ ወጥቶ በእኔ ኪስ የመጣ።»

ጋሽ ወርዶፋ አሰቡበት። «የራስ ቴምር ከሆነ ያስኬዳል። ፍሬውን ግን እዚህ ሳህን ላይ እንዳትጥለው፤ የቀመስን ይመስላል።»

አቶ ጌታነህ ቴምሩን በልተው ፍሬውን ኪሳቸው ከተቱ። እኔ ያን ቴምር ያየሁበትን ዓይን ዛሬም አፍርበታለሁ።

ትዕግሥት ጎንበስ ብላ በጆሮዬ «ጋሼ፣ መቅዲ እያለቀሰች ነው» አለችኝ።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። «አንድ ጊዜ መጣሁ» ብዬ ወደ ወጥ ቤቱ ገባሁ። ልጄ ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን በኮፍያ አስራ ምድጃው አጠገብ ቆማለች። ዓይኗ ቀልቷል።

«ሽንኩርት ነው» አለችኝ እየጠረገች። በአካባቢው ሽንኩርት አልነበረም። «አባዬ፣ በልተን ነው የመጣነው ብለህ ትልክብኛለህ? ከጠዋት ጀምሮ ስጠብቅህ? እሺ እንጉዳዩን አትወደውም፤ ኪያር ምን አደረገህ?»

 ደንብም ድንገትም ቀረና ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ሽማግሌዎቹን፣ እትዬ በላይነሽን፣ ሴራሚኩን። መቅደስ አፏን ከፍታ ሰማችኝ፣ ከዚያ በያዘችው የወጥ ቤት ፎጣ ትከሻዬን ጠበጠበችኝ፣ ከዚያ ፎጣው ውስጥ ፊቷን ቀብራ መሳቅ ጀመረች።

«ዛሬ? እኔ ዓሣ ዓሣ እየሸተትኩ?»

ሼፍ ሜይ ከበሩ ዞረች። አማርኛውን አዲስ አበባ ውስጥ በቆየችባቸው ዓመታት ለምዳዋለች። «ችግሩ ምንድን ነው?»

መቅደስ አስረዳቻት። ሼፍ ሜይ ራሷን ነቀነቀች። «የእኔም አባት ቶሎ እሺ አላለም። መልሱ መቼ ነው?»

«በደንቡ ከሁለት ሳምንት በኋላ ይመለሳሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ሁለት ሳምንት» አልኩ።

«ሾርባው ሊወጣ ነው» አለች ሼፍ ሜይ። «ያለፈውን ትቼዋለሁ፤ ከአሁን በኋላ ግን ሳህን ከተመለሰ፣ ተመለሰ ነው። እኔ ምክንያት አላይም።» ይህን ብላ ወደ በሯ ሄደች።

ልጄን አየኋት። እሺ ልበልና ይብቃ? እህቴ ቤቴን ላትረግጥ፣ ሰፈሩ «ልጁን ለዳምፕሊንግ ሰጠ» ሊል ነው። እሺ ባልል ደግሞ የልጄ ልፋት በሳህን በሳህን ወደ ቆሻሻ ሊሄድ ነው። መቅደስ ግን የእናቷ ልጅ ናት።

«አባዬ፣ በአንዱ ምግብና በሌላው መሃል ዕረፍት አለ» አለች። «ይውጡና ይመለሱ። ሾርባው ሲወጣ ይሄዳሉ፤ ከሾርባው በኋላ ይመጣሉ። ከሄዱ ሄዱ ነው፣ ከመጡም መጡ ነው። ሁለት ሳምንት የሚል የት ተጽፏል?»

ወደ ጠረጴዛው ተመለስኩና ፊቴን የቻልኩትን ያህል አጨፈገግኩ። «ነገራችሁን ሰምቻለሁ። ዘመድ ላማክርበት፤ ተመልሳችሁ ኑ» አልኩ።

«መቼ እንምጣ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ።

«ከሾርባው በኋላ።»

ጋሽ ወርዶፋ ሐጂ ኑሪን አዩ፣ ሐጂ ኑሪ መሬት አዩ። አቶ ጌታነህ ግን ቀድመው ተነሥተው በሩ ጋ ደርሰዋል። «ደንቡ መመለስ ነው እንጂ ማደር አይደለም» አሉ ጋሽ ወርዶፋ በመጨረሻ፣ ከዘራቸውን እያነሡ። «ደህና ዋሉ።»

እነሱ ወጥተው ሾርባው ገባ። እንግዳ ስለሌለ እኔና አስካለ መብላት እንችላለን። ችግሩ ሾርባው የአምስት ሰው ነው፣ ሼፍ ሜይም በሩ ላይ ናት። አስካለ ኩርፊያዋን ረስታ ሁለት ፍንጃል ጨለጠች፤ እኔ ሦስት። ሾርባ እንዲህ ይጣፍጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ባዶ ፍንጃሎቹን ትዕግሥት ስታነሣ ፊቷ ፈካ፤ እኔም ለእትዬ በላይነሽ ደወልኩ። ዘመድ ላማክር ብያለሁ፣ ዘመድ ማማከር አለብኝ።

«ሽማግሌዎቹ ለሁለተኛ ጊዜ ሊመጡ ነው» አልኳት።

«ጎሽ። መጀመሪያ መቼ መጡ?»

«ቅድም።»

«ቅድም ማለት?»

«ከሾርባው በፊት።»

 ነገሩን አስረዳኋት፣ የመቅደስን ልቅሶም ጨመርኩበት። መቅደስ ክርስትና ልጇ ናት። «ያው ሦስት ጊዜ መሆኑን ብቻ አደራ» አለች እትዬ በላይነሽ፣ ድምፅዋ ለስልሶ። «ደግሞ ለእኔም ትንሽ ያስቀሩልኝ።»

ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ገቡ። ፓርኪንጉን ዞረው ነው የመጡት። እንደገና ተሰልፈው ቆሙ፤ ፈረንጆቹም ተነሡ።

«እንዴት ሰነበታችሁ?» አሉ ጋሽ ወርዶፋ፣ ፊታቸው ላይ አንዲት የሳቅ ምልክት ሳትታይ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንዴት ሰነበታችሁ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነን» አሉ ሐጂ ኑሪ። «ሴራሚኩስ አለቀ?»

አስካለ ሳቋን በናፕኪን አፈነችው። እኔ «ዘመድ አማክሬያለሁ፤ አንድ ያላገኘሁት አጎት ግን ቀርቷል» አልኩ። «አጎቱን ያግኙ፤ እኛም እንመለሳለን» ብለው ወጡ።

ቀጥሎ የመጣው እንጉዳይ ነው። በሻይ ቅጠል ጭስ የታጠነ እንጉዳይ በየሳህኑ፣ የአምስት ሰው። አስካለ ሾርባው ሆዷን ሞልቶት በአንዱ ሳህን ቆመች። አራቱን ወደ እኔ ገፋችና «ምለህላታል» አለችኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሳህን ዓይኔን ገለጥኩ። አራተኛውን በጣቴ ጠራርጌ ልሼዋለሁ፤ ይህን ስትሰሙ እንዳትታዘቡኝ።

ሽማግሌዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ገቡ። በዚህ ጊዜ ቤቱ ሁሉ ነገሩን ሰምቶ ሹክሹክታው ቀርቷል። ጋሽ ወርዶፋ ዋናውን ንግግራቸውን ለሦስተኛው ነበር ያስቀመጡት። «እንግዲህ» ብለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፣ «ሁለት ጊዜ ተመላልሰናል። የአገር ወግ ልማዱን አክብረን...» ብለው ሲቀጥሉ ከወጥ ቤቱ ዓሣው ወጣ። ሙሉ ዓሣ፣ በዝንጅብልና በቀይ ሽንኩርት ቅጠል የተቀቀለ፣ ትኩስ ዘይት ከላዩ እየተንጨረጨረ። ጋሽ ወርዶፋ ዓሣውን አዩ፣ እኔን አዩ። «በአጭሩ ልጅዎን ለልጃችን» አሉ።

«እሺ!» አልኩ። ትንሽ ቸኮልኩ መሰለኝ፤ ግን ከልቤ ነው የወጣችው።

እልልታው ከወጥ ቤት ጀመረ። አቶ ጌታነህ «አሜን» ለማለት እንኳ አልቆሙም። ቾፕስቲክ የሚሉትን መብያ እንጨት ሁሉም ወደ ጎን አድርጎ በእጁ ገባበት። ሐጂ ኑሪ ለጋሽ ወርዶፋ አጎረሱ፣ ጋሽ ወርዶፋ ለእኔ፣ እኔ ለአስካለ። አስካለም ከሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አይታኝ አጎረሰችኝ፤ የዓሣውን ቀጭን እሾህ አውጥታ ነው ደግሞ።

ከዚያ ፓስታ የሚመስለው ኑድል መጣ፤ ምላስ በሚያደነዝዘው በቻይኖች በርበሬ የተለወሰ። ጋሽ ወርዶፋ ጨርሰው ለምርቃት ሲነሡ ከንፈራቸውን ዳሰስ ዳሰስ አደረጉ። «ሐጂ፣ ከንፈሬ አለ?» አሉ። «አለ፣ ይመርቁ» አሏቸው። ግማሹ በአፍ፣ ግማሹ በእጅ ምልክት ተመረቀ። እኛም አፋችን ደንዝዞ ራሳችንን እየነቀነቅን አሜን አልን። ከሾርባው ጀምሮ የገቡት ሳህኖች ሁሉ ባዷቸውን ወጡ።

መቅደስ ኮፍያዋን አውልቃ፣ ጣፋጩን ራሷ ይዛ ወጣች፤ የወርቃማ ማንጎና የኮኮናት ፑዲንግ በትንንሽ ሳህን። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመች። ከዚያ ዙሪያውን አየች።

«ናሆምስ?»

ጋሽ ወርዶፋ ሐጂ ኑሪን አዩ። ሐጂ ኑሪ አቶ ጌታነህን አዩ። አቶ ጌታነህ ፑዲንጋቸውን አዩ። ለልጁ የነገረው ሰው የለም። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሲወጡ «ምን አሏችሁ?» እያለ ሮጦባቸው፣ ጋሽ ወርዶፋ በደንቡ መሠረት «ገና ነው» ብለው አልፈውታል። ሦስተኛውን ገብተው ቀሩ።

አንዱን የፑዲንግ ሳህን ይዤ ወጣሁ፤ መቅደስ ተከተለችኝ። ናሆም የመኪናውን ወንበር አጋድሞ፣ ጃኬቱን ፊቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። መስኮቱን ስመታው ብድግ ብሎ ጭንቅላቱን ጣሪያው አገኘው። የእኔን ፊት ሲያይ ከመኪናው ወርዶ እጅ ነሣ። ከንፈሩ በረሃብ ደርቋል። ጠዋት በጭንቀት ቁርስ እንዳልበላ በኋላ ነው የሰማሁት።

«እሺ ብያለሁ» አልኩትና ሳህኑን ዘረጋሁለት። «ብላ።»

ዓይኑ እንባ ሞላ። ሳህኑን አየ፣ መቅደስን አየ፣ ከዚያም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ሰበረና «ኧረ ይተዉ አባባ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አለኝ።

ያን ቀን ይህችን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ መስማት አልቻልኩም። ማንጎውን በእጄ አንሥቼ፣ አፉን ሳይዘጋ አጎረስኩት። መቅደስ ሁለተኛውን አጎረሰችው። ሦስተኛውን ራሱ በላ፤ የተረፈውንም አላስተረፈም።

ስንመለስ ሼፍ ሜይ ወጥ ቤቱ በር ላይ ሳህኖቹን ቆጥራ ቆማ ነበር። «አንድ ይጎድላል» አለች። ናሆም ባዶውን ሳህን በሁለት እጁ ይዞ፣ ልክ ለሽማግሌ እንደሚሰጥ ጎንበስ ብሎ ሰጣት። ሳህኑን ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ አየችው። ከዚያ ወደ መቅደስ ዞረች።

«ከነገ ጀምሮ ሽንኩርቱን ሌላ ሰው ይላጥ» አለች።

ወንድ ልጅ እልል አይልም የምትሉ ካላችሁ፣ እኔ ብያለሁ። በዚያ ጸጥ ባለ ቤት መሃል፣ ከንፈሬ ገና እንደደነዘዘ፣ እስኪበቃኝ ድረስ እልል ብያለሁ። ፈረንጆቹም ለሦስተኛ ጊዜ ተነሥተው አጨበጨቡ።